ያቃጠልሁት የገና ድሪቶ

መርፌው ትንሿ ጣቴ ላይ ተሰክቶ ነበር። እኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት ነጩ ቁራጭ ላይ ደም ሳይ ነው። ደሙ ከየት እንደመጣ ለማየት ጨርቁን አገላበጥሁ፤ ከዚያ እጄን አየሁ። ነቀልሁት። አላመመኝም።

ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰፋ ቆዳዬ ደነደነልኝ አልሁ። ሕመም ሲጠፋበት የሚደሰት ሰው ሞኝ ነው፤ እኔም ሞኝ ነበርሁ። ከእኔ የባሱት ግን ነጭ ጋዋን ለብሰው ተቀምጠው ነበር፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ።

ነገሌ ቦረና ተወልጄ ያደግሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ከጎንደር ለመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ገናን የምናከብርበት፣ ከእናቴ የወረስሁት አንድ ወግ አለን። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ዓመቱን ከለበሰው ልብስ አንድ ቁራጭ ይሰጠኛል። በነቢያት ጾም ቁራጮቹን እየገጣጠምሁ አንድ ረድፍ እሠራና በትልቁ ድሪቶ ጫፍ ላይ እቀጥለዋለሁ። ድሪቶ ሲባል ሰው የድኻ አልጋ ይታየዋል። የእኛ ግን በገና ዋዜማ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ልጆቼ ይለብሱታል። ከሥሩ የጽድ ቅርንጫፍ በወተት ጣሳ ውስጥ እንተክላለን። ከደብተር ወረቀት ሰንሰለት እንሠራለን፣ ከተቀጠቀጠ ቆርኪ ኮከብ እንቆርጣለን፣ በላዩ ላይ ደግሞ በረዶ ነው እያልን ጥጥ እንበትናለን። ነገሌ ላይ በረዶ! ጣራው በፀሐይ እየተንጣጣ ባለቤቴ ታደሰ በየዓመቱ «ሳይቀልጥ ቶሎ እዩት» ይላል።

በድሪቶው ላይ የአባቴ ካኪ ኮት ነበር። ታደሰ ተልተሌ ሲያስተምር የጨረሰው ሸሚዝ፣ ልጆቼ የተጠቀለሉባቸው ጨርቆች፣ የጎረቤታችን የአዴ ሎኮ ሻሽ ነበሩ። ሎኮ ወተት የምትሸጥ የቦረና ሴት ናት፤ አዴ ማለት በእነሱ እንደ እትዬ ነው። ገና የእሷ በዓል አይደለም፤ ቢሆንም በየዓመቱ የሻሿን ጫፍ ቀድዳ «የኔንም ጨምሪ» ትላለች። መካከሉ ላይ ደግሞ የእናቴ ቀሚስ ጥለት ነበር። እናቴ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ከእሷ የቀረኝ ያ ጥለት ብቻ ነበር።

መርፌው ከወጋኝ በኋላ ባሉት ወራት ክርኔ አጠገብ ነጣ ያለች ክብ ነገር አየሁ። መድኃኒት ቤት ሄድሁ፤ ቅባት ሰጡኝ። አልለቀቀም። ስሙን ወደማልጠራው ክሊኒክ ሄድሁ። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሣ አየኝ።

«ቋቁቻ ነው።»

ከስድስት ወር በኋላ ተመለስሁ። ክቧ ሦስት ሆናለች።

«ቋቁቻ ነው አልኩሽ እኮ! ቅባቱን በደንብ አትቀቢም እንዴ?»

አልነካኝም። ጣቱን ቢያሳርፍብኝ፣ «ይሰማሻል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አንድ ጣት፣ አንድ ጥያቄ። እስከ ዛሬ በዚያ ክሊኒክ በር ሳልፍ ቆሽቴ ያርራል።

ሁለት ገና እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው የነቢያት ጾም ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመሩ። መርፌ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ለመንገድ የተጣደፈ ደንበኛ ልብስ ይዤ ጥልፉን ማጥበቅ አቅቶኝ አለቀስሁ።

የታደሰ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን አልችልበትም፣ ይቅር በሉኝ። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው እጅጌዬን ሰብስቤ ስሰፋ ክንዴን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለች። «ሥጋ ደዌ ነው።»

እንዴት አወቁ ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ።

«የነካሽው ጨርቅ ሁሉ ይዞታል። ልጆቹ እሱን ለብሰው ነው የሚተኙት። ለበዓሉም ሰው ይመጣል። ታደሰ ሳይመለስ አቃጥዪው።»

ልጆቹ ስትል አለቀልኝ።

ጠዋት ነበር። ጓሮ በርሜል አለ። ድሪቶውን ከተትሁት። ጋዝ አፈሰስሁበት። ክብሪቱን የጫርሁት እኔ ነኝ። የአባቴ ኮት ቶሎ አልነደደም። የልጆቼ ጨርቆች ወዲያው ሄዱ። የእናቴን ጥለት አየሁት። ጫፉ ገና አልተያዘም። እጄን ሰደድሁ። ያዝሁት።

«ተዪው! ምን ነካሽ!» አለች አስካለ።

ለቀቅሁት።

ሽታው የጨርቅ አልነበረም። እጄን አየሁ። የሁለቱ ጣቶቼ ቆዳ ተልጧል። እጅጌዬ ጠርዙ ከስሏል። አላመመኝም። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ሆስፒታል ቃጠሎውን የምታጥብልኝ ነርስ መጀመሪያ ጎበዝ ነሽ አለችኝ። ቀጥላ እጇን ገታ አድርጋ ፊቴን አየች። «እውነት አያምሽም?» ብላ ጠየቀችኝ። አያመኝም አልኋት። ጎዙን አስቀምጣ ዶክተር ጠራች። ወጣት ነው፤ ልጄ ሊሆን የሚችል። ከዕቃው ጥቂት ጥጥ ቆነጠረ፤ እኛ በጽዱ ላይ የምንበትነው ዓይነት ጥጥ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት ቦታውን በጣትዎ ይጠቁሙኝ።»

ጨፈንሁ። ክንዴን ጠቆምሁ። ትከሻዬን ጠቆምሁ። ጉንጬን ጠቆምሁ። ከዚያ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ።

«አይቀጥሉም እንዴ?» አልሁት።

«ሰባት ጊዜ ነክቼዎታለሁ» አለ። «የጠቆሙኝ ሦስቱን ነው።»

ክርኔን ከኋላ ዳሰሰ። አልናር የሚባለው ነርቭ እንደ ገመድ አብጧል አለኝ። ከጆሮዬ ጫፍ ናሙና ወሰዱ። ዶክተሩ አልሸፋፈነልኝም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። «ሥጋ ደዌ ነው። ይድናል። መድኃኒቱ በነፃ ነው። በጀመሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። አብሮዎት የሚኖር ሰው ሁሉ ግን መታየት አለበት።»

«ጨርቁስ?»

«የቱ ጨርቅ?»

«የሰፋሁት። የነካሁት።»

«በጨርቅ አይደለም የሚተላለፈው። ሕክምና ካልጀመረ ሰው ጋር ረጅም ጊዜ አብሮ ሲኖር ነው፤ በትንፋሽ። ጨርቁ ምንም አያደርግም።»

ዛሬ ጠዋት አቃጠልሁት ልለው አፌን ከፈትሁ። መልሼ ገጠምሁትና የተላጠውን እጄን አየሁ።

ያ ገና ግድግዳችን ላይ ምስማር ብቻ የቀረበት ገና ነው። ጽድ አልተከልንም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበር፤ በየዓመቱ ዳቦ ይዘው የሚመጡት ሴቶች አንዳቸውም አልመጡም። ታደሰ ጥግ ተቀምጦ የማያነበውን መጽሐፍ ያገላብጣል። የመጣችው አዴ ሎኮ ብቻ ናት። «አካም? ናጋ?» እያለች ገብታ እጇን ዘረጋች። እኔ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«አምጪው እጅሽን» አለች። «እኔ ከግመል ርግጫ የተረፍሁ ሴት ነኝ፤ ያንቺን ጣት ልፈራ?»

የታመመውን እጄን ከነፋሻው ያዘች። እስክትወጣ ድረስ አለቀቀችውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውን የምመዝነው በዚህ ነው፤ እጄን በያዘና ባልያዘ።

ሕክምናው ዓመት ፈጀ። በየወሩ ሆስፒታል እሄድና ያች ነርስ ፊት ለፊት ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን እውጣለሁ፤ የቀረውን በቀን በቀን ከእሽጉ እየሰበርሁ በቤቴ እወስዳለሁ። ሪፋምፒሲኑን በወሰድሁ ቀን ሽንቴ ቀላ፤ የማያውቅ እንዳይደነግጥ ነው የምነግረው፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ክሎፋዚሚን ደግሞ ፊቴን አጠቆረው፤ ገበያ ውስጥ ሰዎች ሲያፈጡብኝ በመጀመሪያ አንገቴን እደፋ ነበር፤ ኋላ ግን መልሼ ማፍጠጥ ለመድሁ። ለነርቩ እብጠት ፕሬድኒሶሎን ታዘዘልኝ፤ እየተቀነሰ ለወራት ወሰድሁት፤ በራስ ፈቃድ እንዳታቋርጪ ብለውኛል፣ አላቋረጥሁም። ማታ ማታ እጄን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ፣ ቫዝሊን ቀብቼ፣ የታጠፉትን ጣቶች በደኅናው እጄ አንድ በአንድ እየዘረጋሁ እቆጥር ነበር፤ ታደሰም አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ተማሪ ያስቆጥረኝ ጀመር። ቀስ በቀስ ጣቶቼ ተቃኑ፣ መርፌም መያዝ ቻልሁ። የሁለቱ ጣቶች ጫፍ ግን ዛሬም አይሰማውም፤ ስለዚህ ድስት ሳነሣ በጨርቅ ይዤ፣ ስሰፋም ዓይኔን ከመርፌው ሳልነቅል ነው።

ታደሰና ልጆቼ ተመረመሩ፤ ደኅና ናቸው። አስካለ ግን «እኔ ምን ሆኜ ነው የምታየው?» ብላ አሻፈረኝ አለች። ተውናት።

በሚቀጥለው ገና አዲስ ድሪቶ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ቁራጭ ያች የከሰለች እጅጌዬ ናት፤ ጥቁሩን ጠርዝ አልቆረጥሁትም። ታደሰ ጽዱን ተከለ፣ ልጆቼ ሰንሰለቱን ሠሩ። ጥጡ ሊበተን ሲል ያ ዶክተር ትዝ አለኝ። «ቆይ» አልሁ። «ዘንድሮ ጥጡ ከዛፉ በፊት በእኛ ላይ ይዞራል። ዓይናችሁን ጨፍኑ።» ልጆቼ እየሳቁ ጨፈኑ፤ በነካኋቸው ቁጥር ይጠቁማሉ። ታደሰም ጠቆመ። አዴ ሎኮ እንኳ «ይኮረኩራል!» እያለች ጠቆመች።

አስካለ ልትነሣ ስትል ታደሰ ያዛት። «እትዬ፣ ምን አለበት፣ አንድ ጊዜ ይጨፍኑ።»

ተቀመጠች። እጇን ነካሁ፤ ጠቆመች። ትከሻዋን ነካሁ፤ ጠቆመች። እግሯ ላይ፣ ከጉልበቷ በታች ነካሁ። ዝም። በድጋሚ ነካሁ። ዝም። ሦስተኛ ጫን ብዬ ነካሁ።

«ጀምሪ እንጂ» አለች። «እስከ መቼ ነው የምጨፍነው?»

ዓይኗን ስትከፍት ጥጡ እግሯ ላይ ነበር።

ታደሰ ነው የጠየቃት፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገረች። እናታቸው በዚሁ በሽታ ነው የኖሩት፤ ቤተሰቡ ቁርጥማት ነው ሲል ደብቆታል፣ ታደሰም በሽታው ሲጀምራቸው ልጅ ስለነበር እስከ መጨረሻው ቁርጥማት ይመስለው ነበር። አስካለ ግን አስታምማቸዋለች። እናታቸው ሳይሞቱ ነው የእሷም እግር የደነዘዘው። የእኔን ክንድ ባየች ጊዜ ያወቀችው ከራሷ ገላ ነው። አውቃ ዝም አለች። አውቃ ከልጆቼ ጋር በአንድ ጣራ ሥር አደረች። በሽታው ከእሷ ይሁን ከእናታቸው ወደ እኔ የመጣው፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። የአብዬን ወደ እምዬ ነው፤ ጥፋቱን በእናቴ ጥለት ላይ ላከከችው።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ የእርስዎን ልብስ ዛሬ ነው የምናቃጥለው ወይስ ነገ?» አልኋት። በልጆቼ ፊት አልኋት። አልጸጸትም፤ የምጸጸት መስሎኝ ብዙ ጊዜ ጠብቄ ነበር።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። «ፈራሁ» አለች። «እንደ እማዬ ጓዳ ውስጥ እንዳልቀር ፈራሁ።»

በዓሉ ባለፈ በማግስቱ ሆስፒታል የወሰድኋት እኔ ነኝ። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ካልሲዋን ሳወልቅላት ውስጥ እግሯ ላይ የቆየ ቁስል አገኘሁ። በሕይወቷ ማንም አልነካውም። እኔ ነካሁት። እየተናደድሁ ነካሁት። ነርሷ ተቀብላን ሁለታችንንም አየችና «እንኳን መጣችሁ» አለች። መድኃኒቱን በጀመረች ቀን ከነጠላዋ ጥለት ቀድዳ አንድ ቁራጭ ዘረጋችልኝ። «መጀመሪያ መድኃኒቱን ይጨርሱ» አልኋት። መሳቢያ ውስጥ ጣልሁት። የመጨረሻውን እሽግ ባዶውን ይዛ ከሆስፒታል በተመለሰች ዕለት አውጥቼ ሰፋሁት፤ ከእግርጌ በኩል፣ ጠበቅ አድርጌ። ያን ዕለት ከአጠገቤ ተቀምጣ ክር አቀበለችኝ።

ያችን ነርስ፣ ያን ዶክተር፣ አዴ ሎኮን አመሰግናለሁ። ነክተውኛል።

ይህን የምታነቡ፣ ገላችሁ ላይ የነጣ ነገር ካያችሁ ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ጥጥ ቆንጥሩ። ዓይናችሁን ጨፍኑና የቤት ሰው ይንካችሁ። ካልተሰማችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ቋቁቻ ነው ካሏችሁም «ንኩኝ» በሏቸው፣ ሳይነኳችሁ ከወንበሩ አትነሡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታችኋል፤ የደበቀ ሰው የሌላውንም ሰው ጣት ይበላል፣ እሱን ደግሞ እኔ ጨምሬላችኋለሁ።

በአዲሱ ድሪቶ መካከል አንድ ነጭ ካሬ አለ። የእናቴ ቦታ ነው። በየገናው እንግዶች ለምን ባዶ እንደተውሁት ይጠይቁኛል፤ እኔም ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ። ፈርታችሁ የምታቃጥሉት ነገር ካለ እጃችሁን መልሱ። ጨርቁ ምንም አላደረገም።