ሰላምታ የነሱኝ ባለቤት

በጠዋት ከደሴ ሰኞ ገበያ ተነስቼ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ፣ ኮምቦልቻ አንድ ኢንተርኔት ቤት አጸዳ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ባለቤቱ በየማለዳው፣ «ዛሬስ ስንት ቃል አወጣሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቃለሁ እንጂ አልመልስም።

አንድ ቀን «እንዴት አደሩ፣ ጋሼ» ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን ሸሹ። ሌባ ብለው ጠርጥረውኝ ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ለአጎቴ ነገርኩት። የሰፈራችንን ሼህ ይዞ ለሽምግልና ወረደ።

«ልጅቱ ምን በደለችህ? አውጣውና ትካስህ» አሉ ሼሁ።

«ወላሂ አልበደለችኝም።»

«ታዲያ ሰላምታ የነሳሃት ለምንድን ነው?»

«አልናገርም።»

«ቂም ነዋ!» አለ አጎቴ። «ሽማግሌ ፊት አፉን የሚዘጋ ሌላ ምን ይዞ ነው?»

ባለቤቱ አንገታቸውን ደፉ። ሼሁ ሳይመርቁ ተነሱ። በእኛ አገር እንዲህ ሳይመረቅ የተተወ ሰው ስሙ በደግ አይነሳም። ሥራዬ አልተቋረጠም፤ ቀልዱ ግን ቀረ።

ከሦስት ወር በኋላ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ያን ሰሞን ከመንግሥት ደብዳቤ መጣ። ያንቺ ስልክ በእኛ ዋይፋይ መቼ እንደገባ፣ ምን እንደፈለገ አምጣ ይላል። ለማንም ብትናገር፣ ለራሷም ቢሆን፣ ትከሰሳለህ ይላል። ዓይንሽን ካየሁ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። የምስጢሩ ጊዜ ትናንት አለቀ።»

«ምን አድርጌ?»

«ምንም። ትናንት እንደነገሩኝ፣ የሚፈልጉት ሰው አንድ ቀን ተሳስቶ ደውሎልሽ ኖሯል።»

ትዝ አለኝ። አንድ የማላውቀው ድምፅ ሌላ ሰው ፈልጎ ደውሎ ነበር። «ተሳስተዋል» ብዬ ዘጋሁት። ያን ቀን ያወጣሁት ቃል እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«የጠየቁትን ሰጧቸው?»

«ሰጠኋቸው።»

ወለሉን ከወለወልኩ በኋላ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ በቤቱ ዋይፋይ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ሰው ፊት ለመናገር ምን ይደረጋል? ለአጎቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦታል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉ የትኛው ዕቃ ጎድሎ ይሆን እያልኩ ነበር።

በዚያው ቀን ደሴ ስመለስ ቤት አልገባሁም፤ ወደ ሼሁ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ለሽማግሌም እንዳይነገር የሚከለክል ሕግ አለ?» አሉ።

«አለ!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

በማግስቱ ሼሁ ባለቤቱን ሊመርቁ ኮምቦልቻ ወረዱ።