ከአብርሃ ጅራ በታች የተገኘው መንደር

በደርግ ጊዜ ከአብርሃ ጅራ ከተማ በታች ባለ የመንግሥት እርሻ ቀያሽ ነበርሁ። ሥራዬ ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት መሬቱን ለክቶ ችካል መትከል ነው። አንድ በጋ በወንዙ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ስናስመነጥር የቤት መሠረቶች ወጡ። የሸክላ ስባሪም ነበር፤ ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው ጥቁር አር ደግሞ እዚህም እዚያም ተከምሯል። ከጎጃም የመጡት የቀን ሠራተኞች አሩን ሲያዩ ራቅ አሉ።

«የቡዳ መንደር ነው፤ አንነካውም» አለኝ አንዱ።

ነገሩን ለጎረቤቴ አጫወትሁት። የትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህር ነው፤ ከእናቱ ጋር እኔ በተከራየሁበት ግቢ ይኖር ነበር። ቤተ እስራኤል መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን አያነሳውም። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ውሰደን» ብቻ አለኝ።

እሑድ ሦስታችንም በትራክተር ተሳቢ ሄድን። መምህሩ ከአሩ አንድ ቁራጭ አንስቶ አገላበጠ።

«አባቶቻችን በቆላው ብረት ያቀልጡ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ብረት ያቀለጠ ሁሉ የእኛ ሰው አይደለም። ይሄ ብቻውን ምስክር አይሆንም።»

ስለ ሌላ ሰው አገር የሚያወራ ይመስል ነበር።

እናቱ መሠረቶቹን አልፈው ወደ መንደሩ ጠርዝ ሄደዋል። ስንደርስባቸው ከጉልበት በታች በሆነ የድንጋይ ክብ አጠገብ ቆመዋል። በክቡ መሃል የአንዲት ትንሽ ጎጆ መሠረት ይታያል።

«አትግቡ፤ የሴቶች ነው» አሉን። «የወር አበባ ላይ ያለችም፣ የወለደችም ቀኗ እስኪሞላ እዚህ ትቀመጣለች። ምግቧን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውላት ይመለሳሉ። እኔም ይህን ልጄን የወለድሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው።»

«ሌላው ሰው እንዲህ አይሠራም፣ እማማ?» አልኋቸው።

«ከእኛ በቀር ማን ይሠራዋል?»

መምህሩ ክቡን በውጭ በኩል አንድ ጊዜ ዞረው።

«ይሄ ምስክር ነው» አለ። ቆየት ብሎም «አባቴ መሬት ያገኘው በመሬት ለአራሹ አዋጅ ነው። እስከዚያ ድረስ መጤ ነህ ይሉት ነበር» አለኝ። ድምፁ ስለ ተሰበረ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርሁ።

የስንት ዘመን መንደር እንደሚሆን ጠየቅሁት።

«እሱን ቆፍሮ የሚያጠና ሰው ይንገርህ። እኔ ስለ መሰለኝ ብቻ ዕድሜ አልሰጠውም።»

ልንመለስ ስንል እናቱ ክንዴን ያዙኝ። «እንዳይታረስ ማድረግ ትችላለህ፣ ልጄ?»

«እሞክራለሁ» አልኋቸው።

በማግስቱ የእርሻውን ኃላፊ አምጥቼ አሳየሁት፤ የማን መንደር እንደሆነም ነገርሁት።

«የማንም ይሁን። ድንጋዩ የማረሻ ዲስክ ይሰብርብኛል፤ ችካሉን አዙረው» አለ።

አዞርሁት። ሰሊጡ ዙሪያውን ተዘራ፣ መንደሩም በዚህ ምክንያት ተረፈ። ለእናቱ ስነግራቸው ኃላፊውን መረቁት።

ክረምቱ እንደ ወጣ መምህሩ ከትምህርት ቤት ቀረ፤ ቤታቸውም ባዶ ሆነ። በዚያ ጊዜ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ወደ ሱዳን ይወጡ ነበር። የቀበሌው ሰዎች ጠርተው እንደሚሄድ ነግሮኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነገረኝም አልሁ፤ እውነትም አልነገረኝም። ለጥቂት ቀናት ቅር ብሎኝ ነበር፤ ቢነግረኝ ለሁለታችንም እንደማይበጅ የገባኝ ኋላ ነው።

ከዚያ ወደ መተማ ዮሐንስ ተዛወርሁ። አብርሃ ጅራ ሱቅ የነበራቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ እዚያ አገኙኝ፤ ለንግድ ሱዳን ይመላለሱ ነበር። መምህሩን እዚያ ገዳሪፍ ከተማ አግኝተውታል።

«እሱ ደህና ነው፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዱትን ይጠብቃል» አሉኝ። «እናቱ ግን መንገድ ላይ ደክመው ሞቱ። ድንበሩን ተሻግሮ ከገላባት ወዲያ ቀበራቸው።»

«መቃብራቸውን ያዩት ይሆን?»

«ከመንገዱ ራቅ ይላል አለኝ። አላየሁትም።»

ሻይ አዘዙልኝ። ጠጥተን እንደ ጨረስን እሳቸው ወደ ኬላው፣ እኔም ወደ ቢሮዬ ሄድን።