አልምልም ያልኩ ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ውሸቱን ግን ስንቴ ተናግሬዋለሁ! በማኅበር ላይ ተናግሬዋለሁ፣ ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ተናግሬዋለሁ። እውነቱን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አድምጡኝ፤ ለመፍረድም ለማዘንም አትቸኩሉ።

ኤልቪራን ያገኘኋት እዚሁ ስደት አገር፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ፋብሪካ ነው። እኔ ከሱዳን በስደተኝነት ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ፣ እሷም ከኤል ሳልቫዶር ጦርነት ሸሽታ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነበር። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። ትኩሱን አንሶላ እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ይዘን እያጠፍን እንስቃለን። ዛሬም ከአንድ ሕንጻ ምድር ቤት የሳሙናና የእንፋሎት ሽታ ድንገት ሲወጣ ቆም እላለሁ፤ ወጣትነቴ እዚያ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል።

«ዛሬም ጾም? አንቺ ሳንታ፣ እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትበሉት?» ትለኝ ነበር። ሳንታ በቋንቋዋ ቅድስት ማለት ነው።

«ልትቀልጂብኝ ነው ወይስ ልትጋብዢኝ?»

ከቦርሳዋ የበቆሎ ቂጣ ታወጣለች። ረቡዕና ዓርብ አይብ አታስገባበትም፤ ቀይ ባቄላ ብቻ። ለእኔ ብላ። በዚህ ከተማ የእኔን ጾም እንደ እሷ የሚቆጥር ሰው አልነበረኝም።

በምሳ ሰዓት የላቲኖቹን ሴቶች ሰብስባ ፎርም ትሞላላቸዋለች፣ አለቃ ሲጮህባቸው ምን ማለት እንደሚችሉ ታስጠናቸዋለች። አብዛኞቹ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራቸው የሰው ጥላ እንኳ ያስደነግጣቸው ነበር። «ወረቀት የሌለው ሰው እጅም የለውም እንዴ?» ትላቸዋለች። «እጃችሁ ከሠራ መብት አላችሁ!»

ከዚያ የሉሲያ ነገር መጣ። ሉሲያ ከጓቲማላ የመጣች ዝምተኛ ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። አንድ ጠዋት የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ሁለት ጣቶቿን ቆረጣት። የማሽኑን መከላከያ ክዳን፣ ሥራ ያዘገያል ብሎ ያስፈታው አለቃችን ነው። ሲያስፈታ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ያየሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ብቻ። ፋብሪካው ግን ክዳኑን የፈታችው ራሷ ሉሲያ ናት አለ።

ኤልቪራ የሰው አቤቱታ ይዛ ዳኛ ፊት ስትቆም ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ምስክር ፈለገች። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች።

«ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፣ ሳንታ። አስር ደቂቃ ነው።»

«ያስምሉኛል?»

«አዎ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው። ላንቺማ ዘመድሽ አይደል!»

«አልችልም። እምነቴ አይፈቅድልኝም። ጌታ አትማሉ ብሏል።»

እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አለችኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ!

መሐላ እንደምንፈራ ታውቃላችሁ። እናቴ «ለእውነትም ቢሆን አትማዪ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። በዚህ ያሳበበን ሰው ማን ይጠረጥራል? ግን ያን ቀን እኔ የፈራሁት እግዚአብሔርን ነበር? አልነበረም። በዚያው ሳምንት አለቃው ሱፐርቫይዘር ሊያደርገኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሱፐርቫይዘሮች የሚለብሱትን ሰማያዊ ጋዋን ፈልጌ ነው። ወንድሜን ስፖንሰር ለማድረግ የሥራ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር ብላችሁ ታዝኑልኝ ይሆናል። ደብዳቤው ግን ቀድሞ እጄ ገብቷል። ወንድሜን እዚህ ኃጢአት ውስጥ አልጎትተውም።

ሉሲያ ተረታች። ልጆቿን ይዛ አገሯ ገባች አሉ። እኔ ጋዋኔን ለበስኩ።

ከወራት በኋላ ኤልቪራ ፊቷ በርቶ መጣች። «ሳንታ! ጠይቄ ደረስኩበት። እዚህ አገር ሳይምሉም መመስከር ይቻላል። እውነት እናገራለሁ ብሎ ቃል መስጠት ብቻ ይበቃል። ለሚቀጥለው ጊዜ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። በውሸቴ ላይ ስሙንም ጨመርኩበት።

ለንስሐ አባቴም «ማዪ ብለውኝ እምቢ አልኩ፣ አባቴ» ብቻ አልኳቸው። «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሉኝ። የቀረውን ዋጥኩት። በማኅበራችን የመሐላ ነገር ሲነሳ «እኔስ ዳኛ ፊት እንኳ አልምልም ብያለሁ» እላለሁ፤ እህቶቼ «ተባረኪ» ይሉኛል። በኃጢአቴ ስንቴ ተመረቅኩ!

ኤልቪራ ዕድሜዋን ሙሉ ያንኑ ሥራ ሠራች። የሰዎቿን ወረቀት በገበያ ጋሪ ትጎትታለች። ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው መንገድ ለባቡሩ ሲባል ተቆፍሮ በታጠረበት ዘመን እንኳ በአጥሩ ጥግ ጥግ እየገፋች ታልፍ ነበር። ከአገር ከመባረር ያዳነቻቸው ሰዎች ልጆች ዛሬ አያቴ ይሏታል። ባለፈው ወር ጉልበቷ እምቢ ብሏት ሥራውን ስታስረክብ፣ ሰዎቿ ዌስተን ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ሸኟት። እኔንም ጠራችኝ። ሥራዋን ለሚረከቡት ወጣት ሴቶች ስታስተዋውቀኝ ትከሻዬን አቅፋ ነበር።

«ምስክር ስናገኝ መጀመሪያ ምን ብለን ነው የምንጠይቀው?» አለቻቸው።

«እምነትሽ መማል ይፈቅድልሻል?» አሉ ባንድ ድምፅ።

«ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

አጨበጨቡልኝ። እኔም፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ውሸቴ በእሷ ሥራ ውስጥ ደንብ ሆኖ ኖሯል። ለስንት ሰው ጠቅሞ ይሆናል። ታዲያ ይህ እኔን ያጸድቀኛል? አያጸድቀኝም። መልካሙን ያወጣችው ኤልቪራ ናት፤ የእኔ ድርሻ ውሸቱ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ እሄዳለሁ። ሳንታ ብላ በሩን ሳትከፍትልኝ ልነግራት እፈልግ ነበር፤ ግን ትከፍትልኛለች፣ ሳንታም ትለኛለች፣ ከዚያ እነግራታለሁ። ይቅር ብትለኝም የራሷን ድርሻ ነው። የሉሲያን ማን ይሰጠኛል?

ክዳኑን ያስፈታው አለቃችን ነው። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ሉሲያ አልነካችውም።

ይኸው፣ ሳልምል ተናገርኩት። አስር ደቂቃም አልፈጀም።