ባዶ ሆዳችንን የሄድን ቀን

የሐሞት ከረጢት እንዳለኝ ያወቅሁት በላዩ ላይ አንድ ነገር በቅሏል ሲሉኝ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለጨጓራዬ ብዬ አልትራሳውንድ ብነሳ፣ ፖሊፕ የሚባል ሥጋ ከረጢቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ትንሽ ነው፤ በየስድስት ወሩ እየመጣህ እናየዋለን አሉኝ። እኔ ግን ሐሞቴ ፈሰሰ።

ለመጀመሪያው ክትትል "ባዶ ሆድህን ና" ተብዬ ነበር። እህል የሚባል አልቀመስኩም። የሐረር ሰው ግን ጫትን ከምግብ አይቆጥርም፤ በማለዳ ጎረቤት ጎራ ብዬ ጥቂት ቅጠል፣ ማወራረጃውንም በቡና ገለባና በወተት የሚፈላውን ሆጃ አንድ ሁለት ስኒ ብዬ ሄድኩ። ሐኪሙ መሣሪያውን ጎኔ ላይ ወዲያ ወዲህ ካንሸራተተ በኋላ ፊቱ ጠቆረ።

"ወተት ጠጥተሃል! ከረጢቱ ተጨማዶ ምኑን ልይልህ? ነገ ና!" ብሎ አባረረኝ።

ወሬው እናቴ ጆሮ ደረሰ። እናቴ ፈላና በር ተወልዳ እዚያው ያረጀች፣ በስልሳ ስድስት ዓመቷ ሆስፒታልን ለጥየቃ እንጂ ለራሷ ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን አጣፍታ በሬ ላይ ቆመች፤ አፌን ልትጠብቅ መሆኑ ነው። "ልጄ ሳይቀምስ እኔ ልጎርስ?" ብላ እሷም ውሃ እንኳ አልጠጣችም። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ልጅ እኔ ነኝ።

የኔው ታየ፤ አልጨመረም።

"አብሽር፣" አለኝ ሐኪሙ፣ "ባንተ ዕድሜ እንዲህ ትንሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የስብ ጥርቅም ነው። እንጠብቃለን።"

እናቴ ግን ከራስጌዬ ቆማ ልትለቀው ነው? "እስቲ ደህና አድርገህ እየው ልጄ፤ ያ ጥቁሩስ ምንድን ነው?"

"ራሱ ሐሞቱ ነዋ፣ እማማ።"

በሸቅሁ። "ዶክተር፣ እሷም ባዶ ሆዷን ናት። ያስተኟትና የራሷን ትይ፤ እኛም እንረፍ" አልኩት። ለቀልድ ነበር። እሱም ስቆ አስተኛት። ጄሉ ሲነካት "እግዚኦ፣ በረዶ!" ብላ ክፍሉን አናጋችው።

ሐኪሙ መሳቁን ተወ። ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ለካ። ጠጠር እንዳይሆን በጎኗ አስተኝቶ እንደገና ለካ። እናቴም ከረጢቷ ላይ ፖሊፕ ነበራት፤ የእሷ ግን ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ነበር።

"ይሄ በወጣትም ቢሆን ያሳስበኛል። በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ጭራሽ አንጠብቅም፤ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። መውጣት አለበት" አላት።

እሷ ግን ፊቷ በራ።

"ለእኔ ያድርገው ብዬ ለምኜ ነበር፤ ሰማኝ!" አለች። እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጮኼባት አላውቅም። "ማን ለምኝልኝ አለሽ?" አልኳት፣ እያለቀስኩ። ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ዞሮ መሣሪያውን ይጠርጋል።

ወጣላት። ተመርምሮም ክፉ ነገር አልተገኘበትም። አሁን ጀጎል ውስጥ ያገኘችውን ሁሉ አስቁማ ጠባሳዬን ካላሳየሁ ትላለች፤ "ከልጄ ላይ ያወረድኩት ነው" እያለች።

የኔው እዚያው አለ። ክትትሌን ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ስትጠይቀኝም ጠፍቷል እላታለሁ። አለ ብላት ደግማ መለመኗ ነው። እሱ ደግሞ ይሰማታል።