ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም

የያዙኝ ፒያሳ ባጃጅ ስጠብቅ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆሙና «ለአጭር ጥያቄ ነው፣ አትቸገር» አሉኝ። እንዴት እንደማልቸገር ግን አልነገሩኝም። ያስገቡኝ በአዘዞ በኩል ያለ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ የነቀዘ ማሽላና ሽንት ይሸታል። ተጣብቀን ስለምንተኛ አንዱ ሲገላበጥ መደዳው ሁሉ አብሮ ይገላበጣል።

ጥፋቴ የገጠር ቤት እያንኳኳሁ መጠየቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን ይዤ ከደባርቅ በላይ ባሉ ቀበሌዎች ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ አጠና ነበር። መርማሪው «በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ ምን ያደርግልሃል? ማን ላከህ?» ይለኛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ግን እሱ ዱላ ይዟል፤ እኔ የያዝኩት ነገር የለም።

አጠገቤ የሚተኙት ከዚያው ደጋ የመጡ ገበሬ ነበሩ። ሁላችንም «አያ» እንላቸዋለን። ወንድ ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ በእሱ ፋንታ የተያዙ ናቸው። ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ የሕፃን ሞት ታጠናለህ አሉ።»

«አዎ አያ።»

«ሴቷ ልጄ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ መንገዱም ተኩስ አለበት። ነገ የእህቴ ልጅ ስንቅ ይዞ ይመጣል፣ በሱ ልላክባት። ትውረድ ወይስ ከቤቷ ትውለድ? አንተ ሸጋ አድርገህ አጥንተኸዋል።»

እንደ ተማሪ አስረዳኋቸው። ልጅ በአንድ ነገር ብቻ አይሞትም፤ የእናት ትምህርት አለ፣ ውሃው አለ፣ ብርዱ አለ፣ የጤና ጣቢያው ርቀት አለ። ሁሉም ተያይዘው ስለሚመጡ አንድ ቀመር ውስጥ እናስገባቸዋለን። ከዚያ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም ይህ አንዱ ብቻውን ስንት ይመዝናል ብለን እንለያለን።

«ባለበት የሚቆም ነገር የት አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። የሰሙት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

«በሒሳብ ነው አያ። እርስዎስ የሞተብዎት ልጅ አለ?»

«ተመስገን፣ የለም። ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም አሉ።»

«አዩ፣ ከጥናታችን ጋር ይገጥማል። በእኔ ጥናት ርቀቱ ብቻውን ብዙ አልመዘነም። ሩቅ ያሉት ቤቶች ከቅርቦቹ የባሰ ሞት አልነገሩንም።»

ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዲያ ከቤቷ ትሁን» አሉ። መንገዱን ክፉኛ ፈርተውት ነበር። እኔም እዚያ ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የጠቀምኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስለ ሚስታቸው ማውራት ጀመሩ። ሁሉንም እቤት ነው የወለደችው አሉ። «የፊተኛዋ ግን ጡትም ሳትይዝ በማግስቱ ሄደች።»

«የቷ ፊተኛዋ? የሞተ ልጅ የለኝም ብለውኝ አልነበር?»

«ምነው መምህር! ክርስትና ሳትነሳ ነዋ የሞተች። ስም የላት፣ ፍትሐት የላት። እሷ ከልጅ ትቆጠራለች?»

«ተማሪዎቼ ሲጠይቁም አገሩ እንዲህ ነው የሚመልሰው?»

«እንዴት ይመልስ ኖሯል? ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነስታ ነው ልጅ የምትባል።»

ስህተቴ ያኔ ገባኝ። ጤና ጣቢያ ቢደርሱ ሊተርፉ የሚችሉት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሞቱት ናቸው። ለጤና ጣቢያ የቀረበች እናት እዚያ ወልዳ ትመዘገባለች፣ ልጇ ቢሞትም ይቆጠራል፤ በሩቅ የሚሞቱትን ግን ማንም አልነገረንም። ርቀቱ የቀለለው ሙታኑ ከሒሳቡ ስለጎደሉ ነው። ያ ሁሉ ቀመር ያልተነገረውን ከየት ያመጣል?

«አያ፣ የነገርኩዎት ስህተት ነው። በቃሬዛም ቢሆን ትውረድ።»

«ተኩሱስ?»

«ትውረድ» አልኩ ደግሜ።

አያ «እሺ፣ ነገ እነግረዋለሁ» አሉ።

በማግስቱ ስንቅ አልገባም። ጥየቃ ተከልክሏል ተባለ። አያ በበሩ ስንጥቅ እያዩ እስከ ቀትር ቆሙ። የእህታቸው ልጅ ውጭ ይኑር አይኑር አላወቅንም። ጠባቂውን «ትውረድ በልልኝ፣ ሌላ ቃል የለኝም» ብለው ለመኑት። ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። «አልችልም አባቴ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሹም የቤተሰባችንን ሁኔታ ሊመዘግብ ገባ። አያ ተራቸው ሲደርስ ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስንት ልጅ አለህ?»

«ሦስት።»

«ስትያዝ ሁለት ብለሃል። ሦስተኛው የት ነው ያለው?»

«ሴት ናት። በተወለደች በማግስቱ ሞታለች።»

«ታዲያ ምን ያስቆጥራታል? ሁለት።»

«ሦስት በል» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ሹሙ ይጻፍ አይጻፍ አላየሁም። አያ ግን እሱ እስኪወጣ ድረስ አልተቀመጡም። በነጋታው ከሌሎች ጋር በመኪና ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

እኔ ተፈትቼ ማስተማር ጀምሬያለሁ። መጠይቃችን ላይ ክርስትና ሳይነሱ ስላረፉ ሕፃናት የሚጠይቅ መስመር ጨምሬያለሁ፤ መንገዱ ስለተዘጋ ግን ይዞት ወደዚያ የሚወጣ ሰው የለም። የአያ ልጅ ወልዳ ከሆነ፣ ሕፃኑ ወንድም ይሁን ሴት፣ የክርስትናው ቀን ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ በኩል የመጣ ሰው ሳገኝ የአባቷን ስም እጠራለሁ። ልጅ አላት ወይ አልልም፤ ወለደች ወይ፣ ከዚያስ ምን ሆነ ብዬ ነው የምጠይቀው። እስካሁን የሚያውቃት ሰው አላገኘሁም።