ሰባት ቤት ቆጥሬ ያላወቅሁት

ከቢቸና የወጣሁ ለት ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘኝ ሲመጣ፣ አባቴ ብቻ መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ቀረ። እናቴ ለመጣው ሁሉ «ደክሞት ነው» አለች። እኔም አምኜ፣ ጉልበቱን ስሜ፣ «በል እረፍ አባዬ» ብዬው ሄድሁ። በዓመቱ መርዶው ደረሰኝ፤ በምን እንደሞተ እስከ ዛሬ በቅጡ የነገረኝ የለም።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ስንቱ ጽፎታል፣ አልደግመውም። እኔን የጣለኝ ጀርመን ገብቼ ወረቀት ካገኘሁ በኋላ ነው። የእኛ ሐምሌ እንኳ በቀን አንዴ ፀሐይ ያሳያል፤ የዚህ አገር ክረምት ግን እሱም የለውም። ሦስት ሳምንት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። አከራዬ በሩን አንኳኩታ «ታመሃል ወይስ ሥራ ፈተሃል?» አለችኝ። ሁለቱንም ነበርሁ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ፎርሟን ይዛ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ፦ «ከቤተሰብህ በድብርት የታመመ አለ?»

«የለም።»

«የአባትህን ወገን ታውቃለህ?»

ጎጃሜን ዘርህን ታውቃለህ ትለዋለች! ለጋብቻ ብለው በልጅነቴ ያስጠኑኝን እስከ ሰባት ቤት አወረድሁላት። አስተርጓሚው ላቡን ጠረገ።

«እነዚህ ሁሉ ምን ያማቸው ነበር?»

«ምንም። ደጋግ ሰዎች ነበሩ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሕመሙ በዘር ሊመጣ እንደሚችል፣ ብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የአንጎልን አሠራር እንደሚነኩ፣ ግን ዝንባሌ እንጂ ፍርድ እንዳልሆነ፣ እንደሚታከምም ነገረችኝ። አባቴ ከነግድግዳው ታወሰኝ። ቀጥሎም ታናሽ ወንድሜ ሀብታሙ፤ ከመስቀል ወዲህ ትምህርቱን ትቶ ተኝቷል ብለውኛል።

እናቴ ጋ ደወልሁ። «እማዬ፣ ሀብታሙን ሐኪም ቤት ውሰጂው። የአባዬ ሕመም ነው።»

«ዝም በል ልጄ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኅትህን የጠየቋት ሰዎች ከሞጣ ድረስ መጥተው ዘራችንን እያጠኑ ነው። ሐኪም ቤት ቢታይ ማን ያገባታል? ሠርጉ ይለፍ፣ ጠበል አስጠምቀዋለሁ።»

«እስከዚያ ቢብስበትስ?»

«አንተ ሩቅ ነህ። እኔ ከሰው ጋር ነው የምኖረው።»

የአጎቴን ልጅ ስናጋባ «እብድ አለባቸው» ብዬ አንዲት ልጅ ያስቀረሁት እኔው ነበርሁ።

ሀብታሙን አገናኚኝ አልኋት።

«ሀብቴ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

ሁሉንም ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ከኋላው የእንግዶቹ ጨዋታ ይሰማኛል፤ እናቴ አጠገቡ ቆማለች።

«በል እረፍ» አልሁት።