ስቶክሆልምን ሳላየው የተመለስኩበት ጉዞ

ልጄ ጦር ሠራዊት ከመግባቷ በፊት ስቶክሆልምን ልትጎበኝ ነው። ሰሞኑን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር እየደቀነች፣ "እማ፣ አንቺኮ ሄደሽ ነበር፤ ምን ምን ልይ?" ትለኛለች። መሄድስ ሄጃለሁ። አይቻለሁ ለማለት ግን ይቸግረኛል።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ነው። የሰፈራችን የእስክስታ ቡድን ተጋብዞ እስራኤል ካለችው ከተማችን ከቤርሼቫ የበጋ ሐሩር ወጥተን፣ ሹራብ ወደሚያስለብስ በጋ ገባን። አባቴ ያኔ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር ይሠራል። ከመሄዴ በፊት ሆዱን ይዞ ሲታጠፍ አይቼዋለሁ፤ "ንፋስ ነው፣ ሂጂ" አለኝ።

በደረስን ማግስት ከመንገድ ስልክ ወደ ቤት ደወልኩ። ያነሱት የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ተገኘ ናቸው። ሌላ ከተማ፣ ቂርያት ጋት የሚኖሩ ሰው በሥራ ቀን እኛ ቤት ምን ይሠራሉ?

"አባባስ?"

"ሃኮል በሴደር፣ ሁሉም ደኅና ነው። አንቺ ብቻ ብርድ እንዳይመታሽ።"

ሁልጊዜ በአማርኛ የሚያወሩኝ ሰው በዕብራይስጥ ማጽናናታቸው ይበልጥ አስፈራኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለመንገደኛማ ጨርሶ አይታሰብም። ቤቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ዘመድ ከብቦት ነው የሚሰማው። እንግዲህ አባቴ ሞቷል፤ የሚጠብቁት እኔን ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ከተማው አለፈብኝ። የንጉሡ ዘበኞች ሲቀያየሩ ጓደኞቼ ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ የስልክ ሳጥን እፈልጋለሁ። ከባሕር ሥር የወጣውን ጥንታዊ የጦር መርከብ ሲያሳዩን፣ ከወደብ እንደወጣ ወዲያው መስጠሙን ስሰማ እንባዬ መጣ። አስጎብኚዋ ታሪኩ የነካኝ መስሏት እጄን ያዘች። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች የቀረፋ ዳቦ ይሸታል፤ የተገዛልኝን ለጓደኛዬ ሰጠሁት። እናቴ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ስለምትል ፍርሃቴን ለማንም አልተነፈስኩም።

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ ጋሼ ተገኘ ናቸው። መንገድ ላይ መኪናውን አቁመው ሳንድዊች ገዙና "ብዪ" አሉኝ። ካልበላሁ አይነግሩኝም ብዬ ሳንድዊቹን እንደያዝኩ ለሃቪም የምትባለውን ከተማ አለፍን፤ ሰፈራችን ሽኩና ቤት ደረስን።

አባቴ በረንዳው ላይ ፒጃማ ለብሶ ተቀምጧል። ከስቶ ግማሽ ሆኗል። ለካ እኔ በሄድኩ ማግስት ሐኪሞች ሆዱን ቀደውት ኖሯል። "በይ የንጉሡን አገር አውሪኝ" አለ። ምን ላውራው? አጠገቡ ቆሜ ያንን ሳንድዊች እያለቀስኩ ጨረስኩት። በነገሩ ሁሉ ተናድጄ ቤተሰቡን ለሳምንት ያህል አኮረፍኳቸው።

አባቴ ያረፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ለአንዲት አሮጊት ሾርባ እያጎረስኩ ሳለ ታናሽ ወንድሜ ደወለና በዕብራይስጥ፣ በሁለት ቃል ነገረኝ። ማንኪያው እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። ዙሪያዬን ባይ አንድ ዘመድ የለም። የጋሼ ተገኘ ውሸት የዚያን ቀን ናፈቀኝ።

ትናንት ልጄ ሻንጣዋን እያዘጋጀች፣ "እማ፣ እዚህ አንድ ነገር ቢፈጠር ወዲያው ትነግሪኛለሽ፤ አትደብቂኝም፣ እሺ?" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት።

አልነግራትም።